በርበሬውን ማን ሰበሰበው? የልብ አንጠልጣይ ታሪክ መክፈቻ አጻጻፍ

አብዛኛው ጀማሪ ጸሐፊ ልብ አንጠልጣይ ታሪኩን በሌሊት ይጀምራል። ነፋስ ያፏጫል፤ ጅብ ይጮኻል፤ ኩራዙ ድርግም ይላል፤ ሴትዮዋ በላብ ተጠምቃ ከቅዠቷ ትባንናለች። ይህን ገጽ ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም ዙሪያ ላደገ ሰው አንብቡለት። ፊቱ ላይ ምንም ለውጥ አታዩም። ከልጅነቱ ጀምሮ የጅብ ጩኸት እየሰማ ነው እንቅልፍ የሚወስደው፤ መብራት መጥፋቱም ወሬ ሆኖ አያውቅም። እንዲያውም ጆሮውን የሚያቆመው አንድ ሌሊት ጅቡ ድምፁ የጠፋ እንደሆነ ነው።

መክፈቻ ትዕይንት የሚያስፈራው አስፈሪ ነገር ስለታየበት አይደለም። አንባቢው መጀመሪያ ልማዱን ያውቃል፤ ቀጥሎ ልማዱ በአንድ በኩል ተዛብቶ ያየዋል፤ ፍርሃቱ የሚገባው በዚያች ክፍተት ነው። ሥነ ልቦናዊ የምንለው ልብ አንጠልጣይ ከወንጀል ምርመራ ታሪክ የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። በምርመራ ታሪክ ጥያቄው «ማን ገደለው?» ነው። በዚህኛው «ማንን ልመን?» ይሆናል፤ ብዙ ጊዜም «ራሴንስ ልመን ወይ?» እስከማለት ይደርሳል። ስለዚህ በመጀመሪያው ገጽ ሬሳ አያስፈልጋችሁም። ሰው ሳያስብበት የሚያምነውን አንድ ነገር ፈልጋችሁ ትንሽ ነቅነቅ ማድረግ ይበቃል።

አብረን የምንሠራበት ምሳሌ ይኑረን። ቦታው ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ፣ በማንኩሳ መንገድ በኩል ያለ የገጠር ቤት ነው። ወሩ ኅዳር፣ የበርበሬ ለቀማ ሰሞን። ባንቻየሁ የምትባል ሴት እንፍጠር። ባሏ አንማው በርበሬ ሊሸጥ ቡሬ ከወረደ ሁለት ቀን ሆኖታል። ቤት ውስጥ ያሉት ቆብ የደፉት አማቷ እማሆይና የስድስት ዓመት ልጇ ናቸው። ጅብ የለም፤ ነፋስም የለም።

መጀመሪያ፦ ማን ምን እንደሚያውቅ ወስኑ

ብዕር ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ነገር ቁርጥ አድርጉ። አንባቢው ከባለታሪኳ የበለጠ ያውቃል? እኩል ያውቃል? ወይስ ያነሰ? ይህን ሳይወስኑ የሚጀምሩ ጸሐፊዎች በሦስተኛው አንቀጽ ላይ ሲደናገሩ ታገኟቸዋላችሁ፤ አንዴ ምስጢር ይደብቃሉ፣ አንዴ ደግሞ ያንኑ ምስጢር በራሳቸው አፍ ያፈርጡታል።

አልፍሬድ ሂችኮክ በ1962 እ.ኤ.አ. ከፈረንሳዊው የፊልም ዳይሬክተር ፍራንሷ ትሩፎ ጋር ባደረገው ረጅም ቃለ ምልልስ ጉዳዩን በቦምብ አስረድቶታል። ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ሲያወሩ ሥሩ የተቀመጠ ቦምብ ድንገት ቢፈነዳ ተመልካቹ የሚደነግጠው ለአሥራ አምስት ሰከንድ ነው። ቦምቡ መጠመዱን አስቀድሞ ካወቀ ግን ያንኑ ተራ ወሬ እየሰማ አሥራ አምስት ደቂቃ ሙሉ ሲጨነቅ ይቆያል።

ጠረጴዛውንና ቦምቡን ለባለቤቱ እንተውለት። በእኛ አገር ያው ነገር የሰርግ ዳስ ውስጥ አለ። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ከአንድ ማዕድ ይቆርሳሉ። በቤተሰባቸው መካከል ያልታረቀ ደም አለ። ታናሹ ያውቃል፤ ታላቁ አያውቅም፤ አስተናጋጁም ሳያውቅ ነው ያቀራረባቸው። ይህን ለአንባቢው በአንድ ዓረፍተ ነገር ሹክ በሉትና ከዚያ በኋላ ስለ ወጡ፣ ስለ ጠላው፣ ስለ ሙሽራዋ ሚዜዎች ጻፉ። ደመኛ የሚለውን ቃል አትድገሙት። ጥሬ ሥጋው ሲመጣ ቢላዋውን አንባቢው ራሱ ያየዋል።

የዚህን ዘዴ ጉልበት ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ማንኩሳ ይበቃል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት፣ ታሪኩ ከማንኩሳ የሚነሳው «ፍቅር እስከ መቃብር» ልብ አንጠልጣይ ተብሎ የሚመደብ መጽሐፍ አይደለም፤ ግን በመነሻው ላይ የተከሉት ነገር ማንኛውንም ትሪለር ጸሐፊ ያስቀናል። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ የልጃቸው ሕመም ሲያስጨንቃቸው ሕፃኑን በዛብህን ለእግዜር ይሳሉታል። ልጁን ማንም አልጠየቀውም። አንባቢው ግን ስለቱን ይዞ ይሄዳል። በዛብህ አድጎ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ፊቷ ሲቀመጥ፣ ትዕይንቱ ላይ ላዩን የንባብ ትምህርት ነው፤ ከሥሩ ግን ያ ስለት ተቀብሯል። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው አገሩ ሁሉ ሥራ ፈትቶ ያደመጠው በድምፁ ውበት ብቻ አይመስለኝም። አድማጩ ባለታሪኮቹ የረሱትን ነገር ስለሚያስታውስ ነው ልቡ የሚሰቀለው።

አንባቢው ያነሰ የሚያውቅበትን መንገድ ከመረጣችሁ ደግሞ የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» እዩ። በ2008 እ.ኤ.አ. በቬኒስ የፊልም በዓል የዳኞች ልዩ ሽልማት ያገኘ፣ በቀጣዩ ዓመትም በፌስፓኮ የፊልም በዓል ቀዳሚውን ሽልማት የወሰደ ሥራ ነው። አንበርብር በደርግ ዘመን ማብቂያ ላይ ጣና ዳር ወዳለው የትውልድ መንደሩ ሲመለስ አንድ እግሩ የለም። ቅዠት ያሠቃየዋል፤ ትዝታው ተቆራርጧል። እናቱም፣ መንደሩም፣ ተመልካቹም አንድ ጥያቄ ይዘው ይቆያሉ፤ ይህ ሰው ምን ገጥሞት ነው? ልብ በሉ፤ ኃይሌ ጥያቄውን በንግግር ብቻ አላቀረበውም። የጎደለው እግር ራሱ ነው የሚጠይቀው። ምስጢር ስትደብቁ ለምስጢሩ የሚታይ አካል ስጡት፤ አለበለዚያ አንባቢው የተደበቀ ነገር መኖሩን እንኳ አያውቅም።

ለባንቻየሁ እኩል መንገድ እንምረጥላት። እሷ ያየችውን እናያለን፤ አንዲት ስንዝር አንቀድማትም።

ቀጥሎ፦ ታሪኩን ሳይሆን ልማዱን ጻፉ

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ታሪኩን አስቀምጡትና በዚያ ቤት፣ በዚያ ሰሞን፣ በዚያ ሰዓት ምን እንደሚሠራ በሌላ ወረቀት ላይ ዘርዝሩ። የኅዳር በርበሬ እንዲህ ነው። የቀላው ተለቅሞ ግቢው ውስጥ ሰሌን ላይ ይሰጣል። ፀሐይ እየዞረች ስትመጣ ይገላበጣል። ጀንበር ሳታዘቀዝቅ መሰብሰብ አለበት፤ ጤዛ ካገኘው ይሻግታል፣ መልኩ ይጠቁራል፣ ነጋዴውም ዋጋ ይሰብርበታል። የሰበሰበች ሴት እጇን በደንብ ሳትታጠብ ዓይኗን አትነካም። ልጆች አጠገቡ እንዳይጫወቱ ይከለከላሉ። ነፋስ ብን ሲያደርገው ቤቱ ሁሉ ያስነጥሳል። ሲሰበሰብ ማዳበሪያ ውስጥ ይከተትና አፉ በገመድ ይታሰራል።

ይህ ሁሉ ገጹ ላይ አይወጣም። ሁለት ወይም ሦስት ነገር ብቻ ትመርጣላችሁ። የቀረው የእናንተ ስንቅ ነው፤ የትኛው ቢዛባ ማን እንደሚያስተውለው የምታውቁት ከእሱ ነው። የከተማ ታሪክ ከሆነም ሥራው ያው ነው። የኮንዶሚኒየም ደረጃ፣ የታክሲ ረዳት፣ የቢሮ ጥበቃ፣ ሁሉም የራሱ ሥርዓት አለው። ሥርዓቱን የማያውቅ ጸሐፊ ግን ነጎድጓድ ይጠራል።

አንድ ነገር ብቻ አዛቡ

አሁን ወደ ገጹ እንግባ።

«ባንቻየሁ ከወንዝ ስትመለስ በርበሬው ተሰብስቧል። ሰሌኑ ተጠቅልሎ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። የማዳበሪያው አፍ ታስሯል፤ አስተሳሰሩም የእሷው ነው፣ ገመዱ ሁለት ጊዜ ዞሮ ጫፉ ወደ ውስጥ ተወትፏል። እንስራዋን ሳታወርድ ቆማ አየችው። ውሻው መጥቶ ጅራቱን ቆላላት።»

ምን ጠፋ? ምንም። ማን ተጎዳ? ማንም። ያየነው የተሠራ ሥራ ነው፤ ለዚያውም በጥንቃቄ የተሠራ። ለመክፈቻ ከጉዳት ይልቅ ደግነትን የምመርጠው ያለ ምክንያት አይደለም። በርበሬው ተሰርቆ ቢሆን ባንቻየሁ ኡኡ ትላለች፤ ጎረቤት ይወጣል፤ የጋራ ጉዳይ ይሆናል። ሥራዋ ተሠርቶላት ስታገኝ ግን ምን ብላ ትጮኻለች? «ኡኡ፣ በርበሬዬን ሰበሰቡልኝ» ልትል ነው? ሰው ይስቅባታል። ስለዚህ ፍርሃቷን ብቻዋን ይዛው ትገባለች። ሥነ ልቦናዊ ልብ አንጠልጣይ የሚፈልገው ይኸንኑ ነው፤ ለሌላ ሰው ሲነገር የሚያስቅ፣ ለባለቤቱ ግን እንቅልፍ የሚነሳ ነገር።

ውሻው ረጋ ብሎ መገኘቱ አንድ ሥራ ሠርቷል። የመጣው ሰው ለውሻው እንግዳ አይደለም። ገመዱም ሌላ ሥራ ሠርቷል፤ ያ ሰው እሷ ስታስር አይቷል፣ ምናልባትም ደጋግሞ አይቷል። ሁለቱንም አላስረዳንም። አንባቢው ራሱ ሲደርስበት የራሱ ግኝት ስለሚሆን በቀላሉ አይለቀውም።

እዚህ ላይ ፈተና ይመጣል። የእግር ዱካ ልጨምር? ከማገሩ ላይ የጠፋ ቢላዋስ? ገረገራው ላይ የደም ጠብታስ? አትጨምሩ። ሁለተኛው ምልክት የመጀመሪያውን ያቀለዋል። ደም ከታየ ገመዱን ማን ያስታውሳል?

ግሱን ተጠንቀቁት፤ ያጋልጣልም ይደብቃልም

በእንግሊዝኛ የተጻፉ የአጻጻፍ መጻሕፍትን አንብባችሁ ከሆነ ይህን ምዕራፍ አታገኙትም። የአማርኛ ግስ ባለቤቱን ይዞ ይዞራል። «ገባ» ካላችሁ ወንድ ነው፤ «ገባች» ካላችሁ ሴት ናት። በሩን የከፈተው ሰው ማን እንደሆነ ለመደበቅ የተነሳ ጸሐፊ ገና በመጀመሪያው ግስ ግማሹን ምስጢር ያባክናል።

ማምለጫው አንድ ብቻ አይደለም። ተደራጊ ግስ አለ፤ «በርበሬው ተሰብስቧል» ስንል ሰብሳቢው የለም። «አንድ ሰው» የሚለውም አለ፤ እሱ ግን ወደ ወንድ ስለሚያዘነብል ብዙ አያድንም። ከሁሉም የሚጣፍጠው የአክብሮቱ ቅርጽ ነው። «መጡ»፣ «ተቀመጡ»፣ «ሄዱ» ስንል አንድ ትልቅ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ፣ ሦስት ጎረምሶችም ሊሆኑ ይችላሉ፤ ወንድ ይሁኑ ሴት አይታወቅም። የእኛ ጨዋነት ለልብ አንጠልጣይ ጸሐፊ የተሰጠ ስጦታ ነው። ተመልከቱ፦

«በርበሬውን ማን ሰበሰበው?» አለችው ልጇን።

«እሳቸው።»

«እማሆይ?»

«እማሆይማ ተኝተዋል።»

አራት መስመር ናት። ልጁ ሳይፈራ፣ ሳይዋሽ፣ በቤቱ ጨዋነት መለሰ። እናቱ ያስተማረችው አክብሮት ራሱ የሰውየውን ወይም የሴትዮዋን ማንነት ሸፈነው። ልጁም እንግዳውን በአክብሮት የጠራው ሰው እንዲያከብር ተነግሮት ነው ወይስ ያውቃቸዋል? ቀጥላ «ምን ዓይነት ሰው ናቸው?» ብላ እንድትጠይቅ እጃችሁን የሚያሳክካችሁ ከሆነ ታገሱ። ልጁ ኩበት ሊለቅም ሮጦ ይሂድ። ልጅ አንድ ነገር ላይ ብዙ አይቆይም፤ ማምለጡ ተፈጥሯዊ ስለሆነ አንባቢው ጸሐፊው ሆን ብሎ ደበቀኝ አይልም።

ሌላው የአማርኛ ነገር ግሱ መጨረሻ ላይ መምጣቱ ነው። ረጅም ዓረፍተ ነገር አንባቢውን እስከ ግሱ ድረስ ይጎትተዋል። «ውሻው፣ የቀበሌ ሰው እንኳ ሲመጣ ሰንሰለቱን ካልበጠስኩ የሚለው ውሻ፣ ጅራቱን ቆላ» ስትሉ አንባቢው ንክሻ ሲጠብቅ የሚያገኘው ለማዳነት ነው። ይህን በአንድ ትዕይንት አንድ ጊዜ ተጠቀሙ። በየዓረፍተ ነገሩ ከሆነ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ አንባቢም ዘዴውን ይለምደዋል።

ሰላምታው ውስጥ አንድ ነገር አጉድሉ

የጎጃም ገጠር ሰላምታ ረጅም ነው። ሰው ከሰው ሲገናኝ ልጁ፣ ከብቱ፣ አዝመራው፣ የታመመው ዘመድ፣ ሁሉም በተራ ይጠየቃል። ርዝመቱን እንደ ትርፍ ወሬ ቆጥረው የሚቆርጡ ጸሐፊዎች ትልቅ መሣሪያ ይጥላሉ። ሁሉም የሚጠየቅበት ቦታ ላይ ያልተጠየቀው ይጮኻል።

በማግስቱ ጠዋት ጎረቤቷ አያ ሙጨ ይመጣሉ እንበል። «እንዴት አደርሽ ባንቻየሁ» ይሏታል። ስለ እማሆይ ጉልበት ይጠይቃሉ። ስለ ላሚቱ ይጠይቃሉ። ልጁ ትምህርት ጀመረ ወይ ይላሉ። በርበሬ ዘንድሮ ስንት እየዋለ እንደሆነ ያነሳሉ። ስለ አንማው ግን ምንም አይሉም። አንማው ቡሬ መሄዱን አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ «ገና አልመጣም?» ማለት የማንኛውም ጎረቤት ደንብ ነው። እሳቸው በትራቸውን አንስተው ይሰናበታሉ። ባንቻየሁ ያስተዋለችው እንደሆነ እንኳ አትጻፉ። ጥንቁቅ አንባቢ ያስተውለዋል፤ ያላስተዋለውም ሁለተኛ ሲያነብ ይደነግጣል።

አጠራርም እንዲሁ ይሠራል። እማሆይ ምራታቸውን ሁልጊዜ «ልጄ» የሚሏት ከሆነ፣ አንድ ቀን «አንቺ ሴት» ቢሏት ቤቱ ውስጥ የሆነ ነገር ተሰብሯል። ባልየው ሚስቱን ድንገት በአክብሮት ቢጠራትም እንደዚያው ነው። የ«ሰው ለሰው» ድራማ ተመልካቾች አበበ ባልቻ የተጫወተውን አስናቀን ለምን እንደፈሩት አስታውሱ፤ ሰውየው ሲረጋጋ ነበር ይበልጥ የሚያስፈራው። ክፉ ሰው ጨዋ ሲሆን ተመልካቹ የሚይዘው የሚጨብጠው ያጣል።

የአገሩ የራሱ ልብ ሰቀላ

አንዳንዱ ጸሐፊ ለመክፈቻ የሚሆን ሁኔታ ፍለጋ የኮሪያና የስዊድን ፊልም ያገላብጣል። ጥሩ ነው፤ ይመልከት። ግን በቅድመ አያቶቻችን ዘመን መንደር ሙሉ ልቡ የሚሰቀልበት ሥርዓት ነበረን። አውጫጭኝን አስቡት፤ በሌላ ስሙ አፈርሳታ። ከብት ሲሰረቅ ወይም ቤት ሲቃጠል ወንጀለኛው ካልታወቀ የአካባቢው ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል። ጥፋተኛው እስኪታወቅ ሥራ የለም፣ ወደ ቤት መሄድ የለም። የሚያውቅ ሰው በቀጥታ ጠቁሞ ደመኛ ከሚያፈራ በምስጢር ይናገርና ቃሉ «ወፍ ነገረኝ» እየተባለ ይተላለፋል። ሳህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ጽፈው በአፍሪካ ጸሐፊዎች ተከታታይ የታተመላቸው ልብ ወለድ ርዕሱም ጉዳዩም አፈርሳታ ነው፤ የተቃጠለ ጎጆና የተሰበሰበ ሕዝብ።

ለመክፈቻ ትዕይንት ይህን የመሰለ ቦታ አይገኝም። ሁሉም በግልጽ ተቀምጧል፤ ፀሐይ አለ፤ መውጫ ግን የለም። ከተሰበሰቡት አንዱ ወፍ ነው፣ አንዱ ጥፋተኛ ነው፣ አንድ ሰውም ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። ትዕይንቱን ስትጽፉ ዳኛውን ተዉትና ካሜራችሁን አንድ ሰው እጅ ላይ አድርጉ። የሣር ሰበዝ እየቆረጠ ነው። አጠገቡ ያለው ወንድሙ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ አንድም ቃል አልተነፈሰም።

ሌባሻይም ነበር። ሌባ ፈላጊው አንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጣዋል፤ ልጁ በስካር ውስጥ ሆኖ በመንደሩ ይዞራል፤ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ሥርዓቱ በኋላ ቀርቷል፤ መቅረቱም ደግ ሆነ፣ ስንቱ ንጹሕ ሰው ተቀጥቶበታልና። ለጸሐፊ ግን ልጁ እየተንገዳገደ ሲመጣ ደጁ ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው ውስጥ መግባትን አስቡት። ያ ሰው ምንም አልሰረቀም። ቢሆንም ልጁ ወደ እሱ ግቢ ሲያዘነብል ጉልበቱ ይከዳዋል። ንጹሕ ሰው ራሱን መጠርጠር የሚጀምርባት ቅጽበት የዚህ ዘውግ ልብ ናት። ዘመኑን ወደ ዛሬ ማምጣት ከፈለጋችሁ ሥርዓቱን እንዳለ አትቅዱት፤ አሠራሩን ውሰዱ። የመሥሪያ ቤት ስብሰባ፣ የዕቁብ ገንዘብ የጠፋበት ምሽት፣ የተማሪዎች ማደሪያ ውስጥ ስልክ የተሰረቀበት ክፍል፣ ሁሉም አውጫጭኝ ሊሆኑ ይችላሉ።

አንድ ማሳሰቢያ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል ተኩስና ፍንዳታ ለአንባቢ ምናብ አይደለም፤ ፍኖተ ሰላምም ቡሬም ያውቁታል። የሩቅ ተኩስ ድምፅን ገጹን ለማድመቅ ብቻ አታስገቡት። ታሪኩ ስለዚያ ከሆነ በሙሉ ልብ ጻፉት፤ ካልሆነ ዝም በሉት። አንዳንዴ ፍርሃቱ ከመጽሐፉ ውጭም ይመጣል። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን ካሳተመ በኋላ ከሥራው ተባሮ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጥቶ ሳይመለስ መቅረቱን የሚያውቅ አንባቢ የመጽሐፉን የመጀመሪያ ገጽ ሲገልጥ ገና አንድ መስመር ሳያነብ ልቡ ከብዶታል። እንዲህ ያለውን ክብደት ማንም ጸሐፊ በዘዴ ሊሠራው አይችልም፤ ሊሞክርም አይገባም።

ለፊልም ለምትሠሩ

እዚህ አጭር ልሁን። በቀን ብርሃን ጀምሩ። የሂችኮክ «ሳይኮ» በ1960 እ.ኤ.አ. የተከፈተው በሌሊት ቤት አይደለም፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ሰዓቱና ቀኑ ስክሪኑ ላይ ተጽፎ፣ ካሜራው በአንድ መስኮት በኩል ሾልኮ ሲገባ ነው። ተመልካቹን ሰላይ አድርጎታል፤ ድባቡን የለወጠው ይህ ነው። «ድፍረት» ፊልምም መጀመሪያ አካባቢ የምታሳየን ከትምህርት ቤት የምትመለስ ልጅ ናት። ሜዳው ክፍት ነው፤ ፈረሰኞቹ ከሩቅ ይታያሉ፤ የሚያስጨንቀውም መታየታቸው ነው፣ መደበቂያ ቦታ የለምና።

ድሮን ያላችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ። ዳይሬክተሩ ኩብሪክ በ1980 እ.ኤ.አ. «ዘ ሻይኒንግ»ን ሲከፍት ተራራ መንገድ ላይ የምትሄደውን ትንሽ መኪና ከላይ የተከተላት መኪናዋን የሚከታተል አንድ ነገር እንዳለ ለማስመሰል ነው፤ ሙዚቃውም ጥንታዊ የሙት መዝሙር ነበር። ፈጠም ወንዝ ውብ ስለሆነ ብቻ ከላይ መቅረጽ ማስታወቂያ ይሆንባችኋል። ከምስሉ ይልቅ ለድምፅ ገንዘብ አውጡ። የበርበሬ ሳል፣ የወፍጮ ቤት ሞተር፣ የአይሱዙ ጡሩምባ ከአስፋልቱ፤ ከእነዚህ አንዱ የለመደ ሰዓቱ ላይ ይቅር። የመብራት መጥፋትንም ገልብጡት። መብራት ሲጠፋ ማንም አይደነግጥም፤ መብራቱ ተመልሶ ሲመጣ ተዘግቶ የነበረው የጓዳ በር ተከፍቶ ቢታይ ግን ተመልካቹ ወንበሩን ይይዛል።

የሚቆረጠውና የሚፈተነው

ረቂቁ ካለቀ በኋላ ሦስት ነገር ፈልጋችሁ አውጡ። አንደኛ ስሜት የሚያውጁ ቃላት፤ «በፍርሃት ተዋጠች»፣ «ልቧ በኃይል መታ»፣ «አንዳች ክፉ ነገር እንዳለ ታወቃት»። ባንቻየሁ እንስራዋን ሳታወርድ መቆሟ ይህን ሁሉ ተናግሯል። ሁለተኛ ኋላ ታሪክ፤ አንማውን እንዴት እንዳገባችው፣ አማቷ መቼ እንደመነኮሱ። ከአሥር ገጽ በኋላ ይድረስ፤ አሁን የጠየቀ የለም። ሦስተኛ የአንቀጽ ማሰሪያ የሆነ ጥቅስ ወይም ምሳሌያዊ አነጋገር። ምሳሌያዊ አነጋገር ነገሩን አገር ያወቀው ያደርገዋል፤ አገር ያወቀው ነገር ደግሞ አያስፈራም።

ትዕይንቱ የት ይቁም? እኔ ብሆን ባንቻየሁ ማዳበሪያውን ፈትታ ስታበቃ መልሳ የምታስርበት ላይ አቆማለሁ፤ በዚህ ጊዜ ግን አስተሳሰሩን ትቀይራለች። ያች ትንሽ ተግባር ሁለት ነገር ታደርጋለች። ሴትዮዋ አምናለች፤ የሆነ ሰው እንደሚያያት ተቀብላለች። ቀጥሎ ለሚመጣውም ወጥመድ አጥምዳለች፤ ነገ ገመዱ እንዴት ታስሮ እንደሚገኝ አንባቢው ማወቅ ይፈልጋል። ከዚህ በላይ አንድ መስመር ከጨመራችሁ ትዕይንቱ ይረግባል።

አሁን ፈትኑት። የአጻጻፍ ትምህርት ላልተማረ ሰው ጮክ ብላችሁ አንብቡለት፤ ለእናታችሁ፣ ለጸጉር አስተካካያችሁ፣ ቡና ለምታፈላው ጎረቤት። ሲያዳምጡ ዓይናቸውን እንጂ አፋቸውን አትመኑ፤ ሰው ለይሉኝታ «ጥሩ ነው» ይላል። ልጁ «እሳቸው» ካለ በኋላ አንብባችሁ ዝም በሉ። አድማጫችሁ «ከዚያስ?» ካለ ገና ወለም ዘለም ላይ ነው። «ጎረቤቱ ናቸው እንዴ?» ወይም «አይ፣ ባልየው ነው ተደብቆ» ብሎ መገመት ከጀመረ ግን ገብቶላችኋል። ግምቱን ጻፉት። አምስት ሰው አንድ ዓይነት ግምት ከሰጠ መልሱን በጣም አቅርባችሁታል፤ ከገመዱ ወይም ከውሻው አንዱን አውጡ። አምስቱም ምንም ካልገመቱ ደግሞ የምትይዙበት ጫፍ አላስቀመጣችሁም፤ ወደ ልማዱ ዝርዝር ተመለሱና ሌላ ነገር ምረጡ። ሁለተኛውን ትዕይንት የምትጀምሩት ከተሰጡት ግምቶች የትኛውን እንደምታጸኑና የትኛውን በገጽ ሃያ ላይ እንደምታፈርሱ በወረቀት ካሰፈራችሁ በኋላ ይሁን።